ፊደሉ ለምን ደቀቀ?

ቀድሞ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ውል ሲዋዋል አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ በወረቀቱ ላይ ያሳርፍ ነበር። ወረቀቱ ምን እንደሚል የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው። ጸሐፊው ደግ ሰው ከሆነ እሰየው። ተንኮለኛ ከሆነ ግን በሬውም መሬቱም በዚያች በአንዲት የጣት አሻራ ይሄዳል። ፊደል ከቆጠርንበት ምክንያት አንዱ ይኸው አይደለም እንዴ? ዛሬ ማንም ወረቀት ቢያቀርብልን «ቆይ፣ መጀመሪያ ላንብበው» እንላለን።

ነገር ግን ፊደል የቆጠረ ሰው፣ ዓይኑም ደኅና ሆኖ፣ ጽሑፉም ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሳለ ማንበብ የሚያቅተው ጊዜ አለ። ይህ ከሚያጋጥምባቸው ቦታዎች አንዱ ኮምፒዩተር ነው። ከምሳሌ እንጀምር።

እንበልና አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ኮምፒዩተር አለው። የአባላቱ ስም፣ የማዳበሪያው ዕዳ፣ የተሸጠው እህል ሒሳብ ሁሉ በዚያ ተመዝግቧል። ኮምፒዩተር ብቻውን ምንም አይሠራም። እንደ አህያ ነው፤ ጭነት ይፈልጋል። ባዶውን ገበያ የደረሰ አህያ ለባለቤቱ ምን ይጠቅማል? የኮምፒዩተር ጭነት ፕሮግራም ይባላል፤ ሶፍትዌርም ይሉታል። ኮምፒዩተሩ ምን ምን መሥራት እንዳለበት በተራ በተራ የሚነግር የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ይህን ዝርዝር በኮምፒዩተሩ ላይ ማስቀመጥ «መጫን» ይባላል። የማኅበሩ ፕሮግራም አረጀና አዲስ እንዲጫን ተወሰነ። ከከተማም አንድ ባለሙያ ልጅ መጣ።

ፕሮግራም ሲጫን ኮምፒዩተሩ ዝም ብሎ አይቀበልም። ስክሪን በሚባለው መስተዋቱ ላይ አንድ ገጽ ይከፍትና መጠየቅ ይጀምራል። በየትኛው ቋንቋ ላናግርህ? ይህን ውል ትቀበላለህ? ፕሮግራሙ የት ይቀመጥ? በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ? ዲስክ ማለት የኮምፒዩተሩ ጎተራ ነው፤ መዝገቡ ሁሉ ያለው በእርሱ ውስጥ ነው። ይህ የሚጠይቀው ገጽ የመጫኛ ገጽ ይባላል። ብዙዎቹ የመጫኛ ገጾች በእንግሊዝኛ ናቸው፤ አማርኛ ያላቸውም አሉ። የማኅበራችን አማርኛ አለው እንበል።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጠጋ ብለው አዩ። መነጽራቸውን አወጡ። ጽሑፉ እንደ ጉንዳን መንገድ ጠቁሮ ይታያል እንጂ አይነበብም። ልጁም «ግድ የለም ጋሼ፣ እኔ አውቀዋለሁ» አለና «እቀበላለሁ» የሚለውን ቁልፍ ነካ። አውራ ጣት ተመልሳ መጣች ማለት ነው።

ጥፋቱ የማን ነው? ሊቀ መንበሩ በዓይናቸው አመካኙ። ልጁም ቢሆን በአፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ አጎንብሶ ነው የሚያነበው። ጥፋቱን ለማግኘት ፊደል በስክሪን ላይ እንዴት እንደሚጻፍ ማወቅ ያስፈልጋል።

በስክሪን ላይ የምናየው ፊደል በጥቃቅን ነጥቦች የተደረደረ ነው። እያንዳንዷ ነጥብ ፒክሰል ትባላለች። አንዷ ትበራለች፣ አንዷ ትጠፋለች፣ ሌላዋ ቀለሟን ትለውጣለች። እኛም ከሩቅ ስናየው ነጥቡን ሳይሆን ፊደሉን እናያለን።

የሸማኔን ሥራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሸማኔ ጥለት ሲያወጣ ክር ይቆጥራል። ይህን ያህል ክር ያነሣል፣ ይህን ያህል ይዘላል። መስቀሉም ሆነ አበባው የሚወጣው በቁጥር ነው። እንግዲህ አንድ መስቀል በ16 ክር ቁመት የሚወጣ ነው እንበል። በወፍራም ፈትል ቢሠራ መስቀሉ ጣት የሚያህል ይሆናል፤ ከበሩ ላይ ሆኖ ይታያል። ያው ሸማኔ፣ ያንኑ መስቀል፣ በዚያው በ16 ክር፣ ነገር ግን ፀጉር በመሰለ ቀጭን ፈትል ቢሠራውስ? መስቀሉ ጥፍር አይሞላም። ሸማኔው ቆጠራውን አልሳተም። የተለወጠው ፈትሉ ነው። ፈትሉ ሲለወጥ ቁጥሩን አለመለወጡ ግን የእርሱ ስንፍና ነው።

በኮምፒዩተር ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቪጂኤ የሚባል የስክሪን ሥርዓት አወጣ። በዚህ ሥርዓት ስክሪኑ ጽሑፍ ብቻ ሲያሳይ በአግድም 720፣ በቁም 400 ነጥብ ነበረው። ለአንድ የላቲን ፊደል 9 ነጥብ ስፋትና 16 ነጥብ ቁመት ያለው ቦታ ይሰጠዋል። ማካፈል የተማረ ሰው 720ን ለ9፣ 400ንም ለ16 ያካፍል፤ በአንድ መስመር 80 ፊደል፣ በአንድ ገጽ 25 መስመር ይወጣል። ይህ ለዓይን የተመቸ ነበር። ስለዚህም የፕሮግራም ሠሪዎች 16 ነጥብን እንደ ቁና መስፈሪያ ያዙት። ቁናው የእንጨት ስለሆነ አይለወጥም ብለው ያሰቡ ይመስላል።

ነጥቡ ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየደቀቀ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2010 አፕል የተባለው ኩባንያ አይፎን 4 የሚባለውን ስልክ ሲያወጣ በአንድ ኢንች ውስጥ 326 ነጥብ አሰለፈ። ኢንች ማለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ከአውራ ጣት የላይኛው አንጓ ብዙም አይበልጥም። ከስልኩ በኋላ ኮምፒዩተሮችም ተከተሉ። ዛሬ በአግድም 3840፣ በቁም 2160 ነጥብ ያላቸው ስክሪኖች ይሸጣሉ። ይህ ሲባዛ 8,294,400 ነጥብ ነው። የቀድሞው የጽሑፍ ስክሪን ግን በጠቅላላው 288,000 ነጥብ ነበረው።

አሁን እንለካ። ዊንዶውስ የሚባለው፣ በብዙ ቢሮዎች የሚሠራበት ፕሮግራም፣ ከጥንት ጀምሮ በአንድ ኢንች 96 ነጥብ አለ ብሎ ይገምት ነበር። በዚህ ግምት 16 ነጥብ ከ4 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ይህ የመጽሐፍ ፊደል ያህል ነው፤ ይነበባል። ጭን ላይ በሚቀመጠው፣ ላፕቶፕ በሚባለው ኮምፒዩተር ግን፣ ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ 15.6 ኢንች ሆኖ 3840 በ2160 ነጥብ ካለው፣ በአንድ ኢንች 282 ነጥብ ይኖራል። 16 ነጥብ እዚያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። የጤፍ ፍሬ ርዝመቱ ከዚህ ብዙም አይርቅም። አንድ መስመር ጽሑፍ፣ ከላይና ከታች ካለው ክፍተት ጋር፣ በአንዲት የጤፍ ፍሬ ቁመት ውስጥ ገባ ማለት ነው። ጤፍ እኮ እንኳን ለንባብ ለለቀማም አታመችም።

እንዲህ ሲባል ግን የነጥቡ መድቀቅ ክፉ ነገር ነው ማለት አይደለም። ቀጭን ፈትል ያማረ ሸማ ያወጣል። ፊደሉ በብዙ ነጥብ ቢቆጠር ጠርዙ እንደ መላጣ ድንጋይ ለስላሳ ሆኖ፣ በማተሚያ ቤት ከታተመው ሳይለይ ይታያል። ችግሩ በቀጭን ፈትል ላይ የወፍራም ፈትል ቁጥር መያዝ ነው።

አንባቢው እዚህ ላይ «እኔ በእጅ ስልኬ ላይ ፊደል ሲያንስብኝ አሳድገዋለሁ» ይል ይሆናል። እውነት ነው። ስልክም ኮምፒዩተርም ፊደል የሚያሳድጉበት ማስተካከያ አላቸው። ነገር ግን ይህ ማስተካከያ የሚገኘው ፕሮግራሙ ከተጫነ በኋላ ነው። የመጫኛ ገጽ ከማስተካከያው በፊት ይመጣል። ቤቱ ሳይሠራ «ጨለማ ከሆነብህ መስኮት ክፈት» እንደ ማለት ነው። ስለዚህ በሌላው ገጽ ሁሉ አንባቢው ራሱን መርዳት ሲችል፣ በዚህ በአንዱ ገጽ ላይ እጁ ታስሯል። ሊረዳው የሚችለው ገጹን አስቀድሞ የሠራው ሰው ብቻ ነው። የሚያስከፋውም ነገር ውሉም፣ የመዝገቡ መጥፋትም የሚጠየቀው በዚሁ ገጽ ላይ መሆኑ ነው። ሠሪዎቹ ይህን ገጽ «አንዴ ታይቶ የሚያልፍ ነው» እያሉ ችላ ይሉታል። ውልም እኮ የሚፈረመው አንዴ ነው።

ሠሪው ምን ማድረግ ይችላል? መንገዱ ከአንድ በላይ ነው፤ ሁሉም ግን እኩል አይደለም።

ቀላሉ መንገድ እያንዳንዷን ነጥብ ማባዛት ነው። በአንዷ ነጥብ ቦታ በአግድም ሁለት፣ በቁም ሁለት፣ በድምሩ አራት ነጥብ ማብራት። ፊደሉ እጥፍ ይሆናል። ጠርዙ እንደ እርከን ደረጃ ደረጃ ይሠራል፤ ቢሆንም ይነበባል። የሚያስቸግረው አንድ ተኩል ጊዜ ይደግ ሲባል ነው። አንዷ ነጥብ አንድ ተኩል ልትሆን አትችልም፤ ግማሽ ክር የሚሸምን ሸማኔ የት አለ? ኮምፒዩተሩ ይህን ሲያጣ ጥቁሩንና ነጩን ያደባልቅና ግራጫ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ፊደሉ ዝናብ እንደ ነካው ወረቀት ይደበዝዛል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ይህን የመወጠር ዘዴ ይዞ መጣ። ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ከእርሱ ጋር አንድ የማስታወቂያ ወረቀት ይይዛል። በወረቀቱ ላይ «ነጥቡ ቢደቅ አውቃለሁ፤ ራሴ አስተካክላለሁ» ብሎ ማስታወቅ ይችላል። ያላስታወቀውን ፕሮግራም ዊንዶውስ እንዳላዋቂ ይቆጥረዋል፤ በ96 ነጥብ ልክ ያሠራዋል፤ ከዚያ እንደ ቆዳ ወጥሮ ያሳየዋል። ትልቅ ይሆናል፣ ግን ይደበዝዛል። ከዚህ የባሰው የሚዋሸው ነው። «አውቃለሁ» ብሎ አስታውቆ ምንም የማያስተካክል ፕሮግራም አለ። ዊንዶውስ ቃሉን አምኖ ይተወዋል፤ ፊደሉ ጤፍ ሆኖ ይቀራል። አንዳንዱ ደግሞ ፊደሉን ያሳድግና ሣጥኑን ማሳደግ ይረሳል። ጽሑፉ ከሣጥኑ ይፈስሳል፤ የዓረፍተ ነገሩ ግማሽ ይቆረጣል፤ «አልቀበልም» የሚለው ቁልፍ ከስክሪኑ ግርጌ ወርዶ ይጠፋል። አልቀበልም ማለት የማይቻልበት ውል ምን ዓይነት ውል ነው?

ሁለተኛው መንገድ እንደ ጎበዝ ሸማኔ ጥለቱን እንደገና መቁጠር ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ሊነክስ ነው። ሊነክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የጀመረው፣ ዛሬም ከመላው ዓለም ሰዎች እየተባበሩ የሚሠሩት፣ ለማንም በነፃ የሚሰጥ የኮምፒዩተር መሠረት ነው። ኮምፒዩተር በሊነክስ ሲነሣና ሲጫን የሚታየው ጥቁር የጽሑፍ ገጽ ለብዙ ዘመን በ8 ነጥብ ስፋትና በ16 ነጥብ ቁመት ይጻፍ ነበር። ይህ በ3840 በ2160 ስክሪን ላይ በአንድ መስመር 480 ፊደል፣ በአንድ ገጽ 135 መስመር ያደርጋል። አንድ ሙሉ ጋዜጣ በአንድ ገጽ እንደ ማጨቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ሊነክስ 5.0 ውስጥ ተርሚነስ የተባለ የፊደል ዓይነት በ16 ነጥብ ስፋትና በ32 ነጥብ ቁመት እንደ አዲስ ተቆጥሮ ገባ። በአንድ መስመር 240 ፊደል፣ በአንድ ገጽ 67 መስመር ሆነ። በኋላም ስክሪኑ ትልቅ ሲሆን ትልቁን ፊደል ራሱ እንዲመርጥ ተደረገ። አንባቢው ምንም ሳያዝ ተነበበለት። እኔ እንደሚመስለኝ ከሁሉም ይህ ይበልጣል።

ሦስተኛው መንገድ ነጥብ መቁጠርን ትቶ የፊደሉን የዙሪያ መስመር መያዝ ነው። ፊደሉ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚዞር ብቻ ይጻፋል። በየጊዜው በሚፈለገው መጠን ኮምፒዩተሩ ራሱ ቅርጹን በነጥብ ይሞላዋል። አንድ ቅርጽ ለጥፍርም ለግድግዳም ይበቃል። ዛሬ በአብዛኛው የምናየው ፊደል እንዲህ የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ ይህን መሙላት የሚችለው ፕሮግራም ራሱ ቦታ ይፈልጋል፤ መጫኛው ገና ሲነሣ እርሱ አብሮት ላይኖር ይችላል።

«ኮምፒዩተሩ ስክሪኑን ስንት ሴንቲ ሜትር ነህ ብሎ ለምን አይጠይቀውም?» የሚል ብልኅ አንባቢ አይጠፋም። ይጠይቀዋል። ስክሪኖች ስፋትና ቁመታቸውን ለኮምፒዩተር የሚናገሩበት ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ አለ። ግን ስክሪንም ይሳሳታል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ቴሌቪዥን «16 በ9 ሴንቲ ሜትር ነኝ» የሚልበት ጊዜ አለ። 16 ለ9 የጎኖቹ ንጽጽር እንጂ ልኩ አይደለም፤ ቴሌቪዥኑን የሠሩት ሰዎች አንዱን በሌላው ቦታ ጽፈውት ነው። በግድግዳ ላይ ስዕል የሚያበራው ፕሮጀክተር ደግሞ ልኩን ጨርሶ አያውቀውም፤ ግድግዳው በራቀ ቁጥር ስዕሉ ያድጋልና። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ የስክሪኑን ቃል ሰምቶ፣ በዚያ ላይ በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ፊደል ማሳደጊያ ቁልፍ ያስቀምጣል። ቁልፉም ማንበብ ሳያስፈልግ በስዕል የሚታወቅ፣ ትንሽ ፊደልና ትልቅ ፊደል ጎን ለጎን ያለበት ቢሆን ይሻላል።

ስለ ራሳችን ፊደል አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ላቲን 26 ፊደል ነው። የእኛ ገበታ 33 በ7፣ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። የአንዱ ፊደል ከሌላው መለያ ብዙ ጊዜ አንዲት አጭር ሰረዝ ወይም አንዲት ቀለበት ናት። «ሰ» ላይ ሰረዝ ቢጨመር «ሸ» ይሆናል። «ሰጠ» እና «ሸጠ» የሚለዩት በዚያች ሰረዝ ነው። ፊደሉ ጤፍ ሲያክል ወይም ሲደበዝዝ መጀመሪያ የምትጠፋው እርሷ ናት። «ሊ» እና «ሌ»ም እንዲሁ ናቸው፤ ቀለበቷ ከተደፈነች አይለዩም። ስለዚህ ለላቲን የሚበቃ ነጥብ ለግዕዝ ፊደል አይበቃም፤ የእኛው የበለጠ ይፈልጋል።

የሆነው ግን በተቃራኒው ነው። በሊነክስ የጽሑፍ ገጽ ላይ የግዕዝን ፊደል ለማሳየት ጎሃ የሚባል በነጥብ የተቆጠረ ፊደል ተሠርቷል። ሠሪዎቹ ሊመሰገኑ ይገባል። ቁመቱ ግን 12፣ 14 እና 16 ነጥብ ነው። ላቲኑን ወደ 32 ያሳደገው ተርሚነስ የግዕዝ ፊደል የለውም። በዙሪያ መስመር በተሠራው በኩል ደኅና ነን። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ላይ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት ሁሉ ለኮምፒዩተር ቁጥር በሚሰጣቸው መዝገብ ውስጥ፣ ፊደላችን ቦታውን አገኘ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋርም ኒያላ የተባለው የግዕዝ ፊደል አብሮ መጣ። ይህም እንደ ልብ የሚያድግ ነው። በነጥብ የሚቆጠረውን በ32 ነጥብ የሚቆጥር ሰው ግን ያስፈልጋል። ሥራው ከባድ ሳይሆን ረጅም ነው፤ 231 ፊደል አንድ በአንድ በአራት ማዕዘን ወረቀት ላይ መሙላት ነው። የሹራብ ጥለት የሚያወጡ ሴቶች የሚያውቁት ዓይነት ሥራ ነው።

እስከዚያ ድረስ አንባቢው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ባለሙያው የስክሪኑን ነጥብ ከ3840 በ2160 ወደ 1920 በ1080 እንዲያወርደው መጠየቅ ይቻላል። ልክ በግማሽ ስለሆነ አራት ነጥብ እንደ አንድ ይሠራሉ፤ ፊደሉም እጥፍ ይሆናል። ዊንዶውስ ቀድሞ በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ሌላ ፕሮግራም የሚጫን ከሆነ ደግሞ፣ የመስኮት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዞ የመደመር ምልክቱን መንካት ነው፤ ማጉያ ይከፈታል። ሁለቱም ካልሆነ የእጅ ስልክ አለ። የስክሪኑን ፎቶግራፍ አንሥቶ በሁለት ጣት ፎቶግራፉን መክፈት ነው። ፎቶግራፉ ሌላም ጥቅም አለው፤ ምን ተጠይቆ ምን እንደተመለሰ ማስረጃ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ሊቀ መንበሩንና ልጁን እንደገና እናስባቸው። ልጁ ቁልፉን ገና አልነካም እንበል። ሊቀ መንበሩ «ቆይማ ልጄ» አሉና ከኪሳቸው ስልካቸውን አወጡ። ፎቶግራፍ አነሡ። በሁለት ጣታቸው ከፈቱት። ፊደሉ አደገ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየያዙ አነበቡ፤ «በዚህ ዲስክ ላይ ያለው መረጃ ሁሉ ይጠፋል። ይቀጥል?»

ከዚያም ቀና ብለው የማኅበሩን ሒሳብ ሹም አዩአቸውና ጠየቁ፤ «መዝገቡ ወደ ፍላሽ ተገልብጧል እንዴ?»